መሣሪያው በመምህሩ እጅ ይሁን

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ደብረ ወርቅን አቋርጦ ያልፋል። ደብረ ወርቅ በማርያም ገዳሟና በአብነት ትምህርት ቤቷ ስሟ ሲጠራ የኖረ የምሥራቅ ጎጃም የትምህርት ማዕከል ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከቀሰሙባቸው ሥፍራዎች መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ይጠቀሳሉ። ስለ ትምህርት መሣሪያ ለመነጋገር ስንነሣ ከዚህች ከተማ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤት የመሣሪያ ድሃ ነበር። ፊደል የተጻፈበት ገበታ፣ ፊደሉን እያመለከቱ የሚቆጥሩበት ስንጥር፣ ዕድሜ የጠገበ ዳዊት፣ ለጸሐፊነት ለሚሠለጥኑት ደግሞ ብራና፣ የመቃ ብርዕና ቀለም፤ ያለው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ አሠራሩ ጥብቅ ነበር። ሕፃኑ ከቁጥር ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ የሚሸጋገረው የኔታ በጆሯቸው ሰምተው ሲያልፍላቸው ብቻ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ሁሉንም ከተቀመጡበት ሆነው ያዳምጣሉ፤ የተሳሳተውን ከሩቅ ያርማሉ። ኩርኩሙንና አለንጋውን፣ ትርጉሙ ሳይገባ በቃል የሚሸመደደውንም አንዘነጋም፤ እነዚህ ተመልሰው እንዲመጡ የሚሻ ወላጅ የለም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነበረ። ገበታውም ሆነ ስንጥሩ ከመምህሩ ጆሮና ዓይን ርቆ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚገባው መሣሪያ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስልት በአገራችን የቴክኖሎጂን አገልግሎት ለማስፋፋት ከተነሣ ወዲህ ኮምፒዩተር፣ ታብሌት፣ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ በትምህርት ጉዳይ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ የሚነሡ ቃላት ሆነዋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ በውጭ አገር የሚኖር የአካባቢው ተወላጅ ርዳታ ሲልክ፣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ኮምፒዩተር እየሆነ መጥቷል። ጥያቄው መሣሪያው ይግባ ወይስ አይግባ የሚል አይደለም፤ ገብቷል፤ የበለጠም ይገባል። ሊጠየቅ የሚገባው ለማን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚያዝበትና ሕፃናቱን ከጉዳት ማን እንደሚጠብቃቸው ነው። ይህንንም ለመመለስ ከባዕድ ልምድ በፊት የራሳችንን ማገላበጥ ይበጃል፤ በቂ ልምድ አለንና።

በመጀመሪያ ሬዲዮን እንውሰድ። የትምህርት ሬዲዮ በአገራችን ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ መሣሪያ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ በተመደበው ሰዓት መምህሩ ሬዲዮኑን ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ይዞ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ አንቴናውን ይስባል፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። መልካም መምህር ከሥርጭቱ በፊት አዳዲሶቹን ቃላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያዘጋጃል፤ ትምህርቱ ሲያበቃም ሬዲዮኑን ዘግቶ ይጠይቃል፣ ያስደግማል። ለመምህሩ የተዘጋጀው መምሪያም ሥራውን በዚሁ መልክ የከፈለ ነበር፤ ከሥርጭት በፊት፣ በሥርጭት ጊዜ፣ ከሥርጭት በኋላ። በኋላ ለታችኛዎቹ ክፍሎች የቀረበው የእንግሊዝኛ ትምህርት ደግሞ ድምፁ ጠይቆ ዝም የሚልበት፣ ሕፃናቱ በአንድነት የሚመልሱበት፣ የሚዘምሩበትና የሚንቀሳቀሱበት ነበር። እንግሊዝኛን ራሱ በቅጡ ያልተለማመደ መምህር በዚያ ድምፅ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ይማር ነበር፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ሬዲዮው ሥራ የፈታው በምን ነበር ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ በባትሪ ድንጋይ ነው። ሬዲዮኑን የሰጠው አካል ድንጋዩን አይሰጥም፤ ድንጋዩ ሲያልቅ የሚገዛበት በጀት የለም፤ ሬዲዮኑ በሣጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከተዛወረው ርእሰ መምህር ጋር ይሄዳል። የሳቅ ወሬ ይመስላል እንጂ አንድ ትውልድ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ዕድል የጠፋው በእንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው። መሣሪያ ከመቀበል በፊት ድንጋዩን ማን ይገዛል፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል ብሎ መጠየቅ ቅሬታ ማብዛት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሁለተኛው ልምድ ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የቴሌቪዥን መስኮቶች ተተከሉ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። በገጠርና በከተማ መካከል ያለውን የትምህርት ልዩነት ለማጥበብ የታሰበ ስለነበር ዓላማውን የሚነቅፍ አይኖርም። ቤተ ሙከራ ያላየ የገጠር ልጅ ሙከራ ሲሠራ ያየው በዚያ መስኮት ነበር። ሆኖም መስኮቱ አይጠብቅም። የተናገረውን ተማሪው ይስማው አይስማው ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ጥያቄ ጠይቆ መልሱ እስኪታሰብ ድረስ ጊዜ አይሰጥም፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ቁልፍ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ተሰማው፤ ተማሪውም መምህሩን ማየት ትቶ መስኮቱን ማየት ለመደ። በጊዜው በመምህራንና በተመራማሪዎች በሰፊው የተነገረው ትችት ይኸው ነበር። ሬዲዮው ለመምህሩ መምሪያ ሰጥቶ ሥራውን ሲያካፍለው፣ ፕላዝማው ሥራውን ወሰደበት። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ በመስታወቱ ስፋት አይደለም።

ሦስተኛው ልምድ በቀጥታ የሕፃናቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አማካይነት ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና ከከተማው ውጭ ባሉ ጥቂት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታደሉ። ጉዳዩን የተከታተሉ ጥናቶች ሁለት ነገር አገኙ። ላፕቶፑን የተጠቀሙት ልጆች ነገርን ከነገር በማነጻጸርና በመመደብ ችሎታ ብልጫ አሳይተዋል፤ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። በሌላ በኩል ግን መምህራኑ አስቀድመው ስላልሠለጠኑበትና መሣሪያው ከዕለቱ ትምህርት ጋር ስላልተጣመረ፣ በክፍል ውስጥ ሐሳብ የሚሰርቅ መጫወቻ ሆነባቸው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ልጁ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ መምህሩ «ዝጉ» ይላል፤ የተዘጋው ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም።

ይኸው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ወንጪ ሐይቅ አጠገብና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ጥቂት ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን በራሳቸው እንዳስነሡት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ እንዳወጡት፣ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ እንዳስከፈቱት የሙከራው ባለቤቶች ለዓለም አወሩ። የኢትዮጵያ ሕፃን ብልህ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ ለዚህ ምስክር ከውጭ ማስመጣት ባላስፈለገ ነበር። ዳሩ ግን ፊደልን በዜማ ማለትና አንብቦ መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ሕፃኑን እጁን ይዞ የሚያሻግረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የማኅበራት አባላት የሆኑ አንባቢዎቻችን አንድ የራሳቸውን ታሪክ ቢያስታውሱ እንወዳለን። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና በማግሥቱ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነበር። መሣሪያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ የፊደል መጽሐፍ፣ ማታ ማታ ደግሞ ማሾና ኩራዝ ነበር። ያንን ዘመቻ ያንቀሳቀሰው በየቀበሌውና በየገበሬው ማኅበር የተደራጀው ሰው፣ አስተማሪውና ወጣቱ ነው። በኋላ ብዙዎቹ ያወቁትን መልሰው የረሱትም የሚያነቡት ነገር በማጣታቸው ነበር። የሚነበብ ነገር የሌለው ንባብ ይደርቃል። አሁን በስልክና በታብሌት ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የተረት መጽሐፍ በብዛት ማኖር ስለሚቻል፣ ያን ጊዜ ያልተሟላውን ለመሙላት አዲሱ መሣሪያ ትልቅ ዕድል እንደሚሰጥ እናምናለን።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። መብራትና ቴሌቪዥን ያለው የከተማ ቤተሰብ ልጁን መስኮቱ ፊት አስቀመጠ፤ የእረኛው ልጅ ግን ከብቶቹን ይዞ ወጣ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ የስልክ ኢንተርኔትም በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ምሥራቅ ጎጃምም የዚህ መከራ ተካፋይ ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ማናቸውም የትምህርት ዕቅድ ለዚህ አካባቢ ልጅ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። መስመሩ ሲቋረጥ የማይቆም፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ ተቀድቶ በትንሽ የድምፅ ማጉያ የሚሰማ ትምህርት ይሻለዋል። የተከፈተ ትምህርት ቤትና ክፍሉ ውስጥ የቆመ መምህር ግን ከዚያም ይቀድማሉ፤ ይህን በመሣሪያ የሚተካ እንዳለ አድርጎ መናገር ሕፃናቱን መሸንገል ነው።

ከእኛ እጅግ የበለጸጉ አገሮችም ቆም ብለው እያሰቡ መሆናቸው ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ መሣሪያው በማን ፈቃድና ለማን ጥቅም ክፍል ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ እንዲጠየቅ አሳስቧል። ስዊድንም በዚያው ዓመት የታችኛ ክፍል ተማሪዎቿ ከመስታወት ወደ ወረቀት መጽሐፍ እንዲመለሱ ለመጻሕፍት ግዢ ገንዘብ መደበች። ስዊድን ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ባለፈው ምዕተ ዓመት በርካታ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተሠሩት በርዳታዋ ነው። ያኔ የሰጠችን ግድግዳና ጣራ፣ ወንበርና ሰሌዳ ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው በአገራችን የ10 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ገጥሞት መቆየቱም የማይካድ ነው። እንግዲህ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ኮምፒዩተር መግዛት እግር በሌለው ወንበር ላይ ትራስ መደርደር ይሆናል። አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይድረስ። ከዚያ በኋላ 50 ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል ምን ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ይገባል። የእጅ ስልክ መስታወት ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም፤ ድምፁ ግን በማጉያ እስከ ኋላው ግድግዳ ይደርሳል። ስለሆነም ለብዙ ተማሪ ከሥዕል ይልቅ ድምፅ ይሻላል፤ ሥዕል ካስፈለገም ለአምስትና ለስድስት ልጆች አንድ ታብሌት ሰጥቶ ቀሪዎቹን በመጽሐፍ ማሠራትና በየተራ ማዘዋወር ይቻላል። ከፍ ያለው ልጅ ታናሹን ማስቀጸሉ በደብረ ወርቅ አዲስ ግኝት አይደለም።

መምህሩም የሚያሳየውን ነገር በዋዜማው ራሱ አይቶት መምጣት አለበት። አሥር ደቂቃ ያልበለጠ ትምህርት ያሰማ፤ ያቁም፤ ይጠይቅ። ያልገባ ካለ መልሶ ያሰማ፤ ይህን ዕድል ሬዲዮም ፕላዝማም አልሰጡትም ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ ሰጥቶታል። ለዚህም በክረምት ለሁለት ቀን ተሰብስቦ የአበል ወረቀት የሚፈረምበት ሥልጠና አይበቃም። ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን የሚያዩት ባልደረባ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ስለ ቴክኖሎጂ ሲነገር ኤሌክትሪክ ይረሳል፤ በግድግዳችን ውስጥ ያለው 220 ቮልት ግን ሕፃን አዋቂ አይለይም። መሰኪያ የሌለውን ገመድ ጫፉን ልጦ በቀጥታ ሶኬት ውስጥ መሰካት በየቤታችን የለመድነው መጥፎ ልማድ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቶ ሊታይ አይገባም። በአንድ ማከፋፈያ ላይ አሥር መሣሪያ መደራረብ፣ የተላጠ ገመድ ከጠረጴዛ ሥር በሕፃናት እግር መካከል ማሳለፍ፣ መሬት ያልተቀበረ መስመር መጠቀም፤ እነዚህ ሁሉ እሳትና ሞት የሚጠሩ ናቸው። መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል መሣሪያውን ስለሚያቃጥል፣ ሲጠፋ መንቀል፣ አቅም ሲፈቅድም ስታቢላይዘር መግጠም ያስፈልጋል።

የጎጃም ደጋ ነዋሪ የክረምቱን መብረቅ ያውቀዋል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የተተከለ አንቴና ወይም የሳተላይት ሳህን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ የተያያዘ ስለሆነ፣ መብረቁ ትምህርት ቤቱን ባይመታም በገመዱ በኩል ሊገባ ይችላል። ብልጭታው ከታየ በኋላ 30 ሳይቆጠር ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። እንዲያውም አስቀድሞ፣ ሰማዩ መጉረምረም ሲጀምር፣ የኤሌክትሪኩም የአንቴናውም ገመድ ይነቀል፤ ልጆቹም ከመሣሪያውና ከገመዱ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ነቃዩ መምህሩ ይሁን። ሕፃን ገመድ እንዲነቅል አይታዘዝም።

የስልክና የታብሌት ባትሪ ደግሞ ጠባዩ ከሬዲዮ ድንጋይ የተለየ ነው። ሲያብጥ፣ ሲሞቅ ወይም ሲወጋ በኃይል ይነዳል። ያበጠ ባትሪ ያለው መሣሪያ ከክፍል ይውጣ፤ በአልጋና በመጻሕፍት መካከል፣ ሌሊትም ጠባቂ በሌለበት ቢሮ አይሞላ። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ የተነሣ እሳት በውኃ አይጠፋም፤ ቆጣሪው ከተዘጋ በኋላ በደረቅ አሸዋ ወይም በእሳት ማጥፊያ ይታፈናል። በመሣሪያው ክፍል በር ላይ አንድ ባልዲ አሸዋ ማኖር ምን ያህል ያስወጣል?

ከኤሌክትሪኩ ያላነሰ ሌላ አደጋም አለ፤ እርሱ ብልጭታም ነጎድጓድም የለውም። በየትምህርት ቤቱ በስልክ የሚነሣው የሕፃናት ፎቶግራፍና ቪዲዮ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲሠራጭ እናያለን። አንዳንዱ በቅንነት የሚደረግ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለማሳየት፣ ለጋሹም ልገሳውን ለማስመስከር። ነገር ግን ማንበብ ሲያቅታት የተቀረጸች ሕፃን፣ ልብሱ የተቀደደ ልጅ፣ በክፍል ጓደኞቹ ፊት የሚያለቅስ ሕፃን፣ ያ ምስል አድጎ እስኪዳር ድረስ ይከተለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ለሁሉም ሰው ደንግጓል፤ ሕፃን አይልም፣ አዋቂ አይልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የልጅ ምስል የወላጁ ፈቃድ ሳይጠየቅ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሊወጣ አይገባም፤ በእኛ ግምት ደግሞ ከልጁ ስም፣ ከመንደሩና ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር በወላጅ ፈቃድም ቢሆን ባይወጣ ይመረጣል።

ኢንተርኔት በተገኘበት ሥፍራም ሕፃኑ ብቻውን ከመስታወቱ ጋር ሊተው አይገባም። ያልጠራነው እንግዳ በዚያ በኩል ይገባል፤ የማያውቀው ሰው ልጃችንን በስሙ ይጠራዋል። መስታወቱ ሁልጊዜ ወደ መምህሩ ዞሮ ይቀመጥ። ከተማሪው ጀርባ ግድግዳ ከሆነ፣ መምህሩ ምን እንደሚታይ አያይም፤ ጠረጴዛን አዙሮ ማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። የልጁ ዓይንም ዕረፍት ይፈልጋል፤ ከመስታወት በኋላ ወደ ሜዳ ይውጣ።

ከአንባቢዎቻችን መካከል የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች፣ አናጢዎችና ግንበኞች እንዳሉ እናውቃለን። በአካባቢያቸው ያለውን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መስመር በነፃ የሚፈትሹት እነርሱ ካልሆኑ ማን ይሆናል? የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በሚቀጥለው ስብሰባው ስለ አዲስ ግዢ ከመነጋገሩ በፊት የመሣሪያውን ክፍል ቁልፍ ያስመጣ። ይክፈተው። በሣጥን የተቆለፈውን ይቁጠር፤ የሚሠራውን ከማይሠራው ይለይ፤ የሚጠገነውን ለጠጋኝ ያስረክብ፤ ያበጠውን ባትሪ ያስወጣ። ሶኬቱን አንድ ባለሙያ ይይ፤ የቆርቆሮውን አንቴና ገመድ በየት እንደሚወርድ ይከተል። ቁልፉም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከርእሰ መምህሩ፣ አንዱ ከኅብረቱ ሰብሳቢ ጋር ይቀመጥ፤ ርእሰ መምህሩ ሲዛወር በፊርማ ይረከቡት። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ሊጠናቀቅ የሚችል የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።